የተደበቀ ንክሻ

ዳንግላ ውስጥ ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ጎጃም፣ ሌላ ከተማ ነው። ወደዚህ ያመጣኝ የሥራ ምደባ ነው። ከመጣሁ ጀምሮ የምኖረው አንድ የጋሪ ነጂ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው፤ የነሱ ቤት ከፊት፣ የኔ አንዲት ክፍል ከጓሮ፣ በመካከላችን የፈረሱ ጋጣ።

ጋሪ ነጂው ከኔ በዕድሜ ከፍ ያለ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሚስቱ ገበያ ላይ ድንች ትሸጣለች። እኔና እሷ እንደ እህትና እህት ነበርን። ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ትልቁ፣ ወንዱ፣ የኔው ተማሪ ነበር። ታናሽ እህቱ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም።

ልጁ ፈረስ ያውቅ ነበር። አባቱ መራመድ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ሲያስተምረው ኖሯል። ከኋላው አትምጣበት፤ ከመቅረብህ በፊት ድምፅህን አሰማው፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ካጣበቀ ተወው፤ ገፈራውን ሲበላ አትንካው። አንድ ቀን የውሃ ጀሪካን ይዤ በጋጣው በኩል ላልፍ ስል ልጁ እየሮጠ መጥቶ መንገዱን ዘጋብኝ።

«ቲቸር፣ በዚህ በኩል አይለፉ። ዛሬ ተቆጥቷል።»

«በምን አወቅህ?»

«ጆሮውን አያዩትም?»

አየሁት። እውነቱን ነው። ዞሬ ሄድኩ። አባቱ ከደጃፉ ተቀምጦ ሲያየን ፊቱ ላይ የነበረውን ኩራት አልረሳውም።

ስለ ውሻ ግን ማንም ምንም ብሎት አያውቅም። በኛ ሰፈር ውሻ ትምህርት የሚሰጥበት ነገር አልነበረም። ባለቤት ያለውም የሌለውም መንገድ ላይ ይውላል፤ ሥጋ ቤት ደጃፍ ይተኛል፤ ልጅ ሲያልፍ ድንጋይ ያነሳል፤ ውሻው ይሸሻል ወይም ጥርሱን ያሳያል፤ በቃ። አባትየው ለልጆቹ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ከውሻ ጋር ስትጫወቱ ባገኛችሁ ወዮላችሁ!»

ልጁ የታመመው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። መጀመሪያ ራሱን አመመው፤ ትኩሳት ያዘው። እናቱ ጉንፋን መሰላትና ፌጦ አሸችው። በማግሥቱ ቀኝ እጁን ያክ ጀመር፤ «ጉንዳን እየሄደብኝ ነው» እያለ። እናቱ እጁን አገላብጣ ብታየው ጉንዳንም የለ፣ ቁስልም የለ፤ አውራ ጣቱ ሥር የዳነች ትንሽ ጠባሳ ብቻ። ፈረስና ጋሪ ባለበት ቤት የሚያድግ ልጅ እጁ ላይ ጠባሳ ቢኖረው ማን ልብ ይላል?

እሑድ ጠዋት እናቱ በሬን አንኳኳች። ፊቷ ገርጥቷል።

«እህቴ፣ እስኪ ነይና እይልኝ። ውሃ አልጠጣ አለኝ።»

ተከትያት ገባሁ። ልጁ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እናቱ በኩባያ ውሃ አቀረበችለት።

«ጠጣ፣ የኔ ጌታ።»

እጁን ዘረጋ። መጠጣት ፈልጎ ነበር፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ኩባያው ወደ አፉ ሲጠጋ ግን ጉሮሮው እንደ ታነቀ ሰው ተርገበገበ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተቆለመመ፣ ኩባያውን ወርውሮ ጮኸ። ውሃው ወለሉ ላይ ሲፈስ ከሱ ለመሸሽ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«ጠምቶኛል፣ እማ» አለ እያለቀሰ።

«እኮ ጠጣዋ!»

«አልችልም።»

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ «ቡዳ ነው» አለች፤ ሌላዋ «ከሜዳ ያገኘው ነገር ነው» አለች። እኔ ጤና ጣቢያ እንውሰደው አልኩ። አባትየው ፈረሱን መጫን ጀምሮ ነበር።

«መጀመሪያ ጠበል፣ ከዚያ ሐኪም» አለ። የሚከራከሩት ዓይነት ፊት አልነበረውም።

አብሬያቸው ሄድኩ። ነፋስ ሲነካው ልጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር እናቱ በነጠላዋ ሸፍና ጭኗ ላይ አስተኛችው። እህቱም እናቷን አልለይም ብላ ጋሪው ላይ ወጣች። ጠበሉ ቦታ ስንደርስ ሰው ብዙ ነበር። የጠበሉ የመጀመሪያ ፍንጣቂ ሲያርፍበት ልጁ በጮኸው ጩኸት ሕዝቡ ሁሉ አማተበ። «ተቃጠለ! ያዘው!» አሉ ዙሪያውን የቆሙት። ውሃ መፍራቱ ለነሱ ማስረጃ ሆነላቸው። ያጠምቁ የነበሩት ሸምገል ያሉ ቄስ ግን ልጁን ቁልቁል አይተው ጣሳውን አስቀመጡት።

«ይህን ልጅ ሐኪም ጋ ውሰደው» አሉት አባቱን። «ጠበሉ የትም አይሄድም።»

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያገኘችን ወጣት ሐኪም ነበረች። ልጁን ትንሽ አየችው፤ ውሃ በብርጭቆ አስመጥታ ከሩቁ አሳየችው፤ ብርጭቆው ወዲያው እንዲወሰድ አደረገች። ከዚያ ወደ ወላጆቹ ዞረች።

«ውሻ ነክሶት ያውቃል?»

«የለም» አለ አባቱ።

«እኛ ውሻ የለንም» አለች እናቱ።

«ድመትስ? ሌላ እንስሳ? ባለፉት ሳምንታት፣ ባለፉት ወራት?»

«የለም አልኩሽ፣ ልጄ» አለ አባቱ።

ያኔ የእናቷን ቀሚስ ይዛ የቆመችው ትንሿ ልጅ፣ ወደ መሬት እያየች፣ «ቡችላዋ ናት» አለች።

«የቷ ቡችላ?» አለች ሐኪሟ ጎንበስ ብላ።

«ከሥጋ ቤቱ ጓሮ ያለችው። ቂጣ ይወስድላት ነበር። ነከሰችውና ደም ወጣው። በጭቃ ጠራረገው። ለአባባ እንዳትነግሪ፣ ይገርፈኛል፣ እሷንም ይገድሏታል አለኝ።»

አባቷ እጁን አንሥቶ ግንባሩ ላይ አደረገና እዚያው ተወው።

ሐኪሟ እናቱን ከልጁ ጋር ትታ እኔንና አባቱን ወደ ውጭ ጠራችን። በሽታው የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑን፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት እንደሌለ ነገረችን። ስትናገር የጋዋኗን ቁልፍ ትፈታና ትቆልፍ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

«ቡችላ እኮ ናት የምትለው» አለ አባቱ። «የጣት ጭረት።»

«ገብቶኛል፣ ጋሼ። ትንሿም ትበቃለች።»

ለማንኛውም ወደ እንጅባራ ሆስፒታል ተላከ። እዚያ መስኮቱ የተጋረደ ክፍል ሰጡን። የሚያስተኛ መርፌ ይወጉታል፤ ይተኛል፤ ሲነቃ ይወራጫል፤ ምራቁን መዋጥ ስላቃተው በአገጩ ይወርዳል። በመጨረሻ አማርኛው ሁሉ ጠፋበትና በአገውኛ ብቻ መናገር ጀመረ። እናትና አባቱ ቤት ውስጥ የሚነጋገሩት በሱ ነው፤ እኔ ግን ከሰላምታ ሌላ አላውቅም። ሁለት ወይም ሦስት ቃላት ብቻ ይደጋግም ነበር። እናቱን ምን እያለ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«በሩን ዝጉት ነው የሚለው» አለችኝ። «በሩ ግን ዝግ ነው።»

እዚያው ክፍል ውስጥ ሞተ።

ዳንግላ ተቀበረ። ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። የክፍል ጓደኞቹ ተሰልፈው መጡና ምን ማድረግ እንዳለባቸው ስላላወቁ ፈረሱን ከበው ቆሙ። ትንሿ እህቱ ለቅሶው እስኪያልቅ አንድም ቃል አልወጣትም። አንድ ዘመድ «ቀድመሽ ብትናገሪ ኖሮ» ሲላት ሰምቼ ከዚያ ቦታ አነሣኋት፤ ወደ ክፍሌ ወሰድኳት። አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ስታይ ዋለች።

ከቀብሩ በኋላ የሰፈሩ ወንዶች ውሻ ግደላ ወጡ። የቡችላዋን እናት ከነቡችሎቿ ፈለጓት፤ ቡችሎቹ የሉም፤ ምናልባት ቀድመው ሞተዋል። ያገኙትን ሁሉ በዱላ ገደሉ፤ ቀሪውን በተመረዘ ሥጋ ጨረሱ። ባለቤት ያለው፣ በሰንሰለት የታሰረም አልተረፈም። ሬሳቸው እስከሚነሣ ቦይ ውስጥ ተዘርሮ ነበር። ለነሱ ያዘንኩላቸው አይምሰላችሁ፤ ያን ሰሞን የሚያዝን ልብ አልነበረኝም። የዘገነነኝ ሌላ ነው። ተማሪዎቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቆመው የሞተውን ውሻ አፍ በእንጨት እየፈለቀቁ ጥርሱን ይቆጥሩ ነበር። ጓደኛቸውን በእንዲህ ያለ ጥርስ ምክንያት ቀብረው ሳለ፣ ከጥርሱ እንዴት እንደሚጠበቁ የነገራቸው ሰው የለም።

ብዙም ሳይቆይ ከክፍሌ ያለች አንዲት ልጅ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትመጣ ከሌላ ሰፈር የመጣ ውሻ አየች። ጮኸችና ሮጠች። ስትሮጥ ጊዜ ውሻው ተከተላት፤ እሷ ወደ አስፋልቱ ገባች፤ ባጃጅ ገጭቷት እግሯ ተሰበረ። ውሻው ባጃጁን ሲያይ ዞሮ ሄደ። ሊነክሳት አልነበረም ይሆናል። ማን ያውቃል።

ርዕሰ መምህራችን ጋ ገባሁና ልጆቹን ስለ ውሻ ላስተምር አልኩት።

«የትኛው ክፍለ ጊዜ ላይ?»

«አካባቢ ሳይንስ ላይ።»

«መጽሐፉ ውስጥ አለ?»

«ውሻ የቤት እንስሳ ነው ይላል። ሥዕልም አለው።»

ትንሽ አየኝ። «እንግዲያውስ ሥዕሉን አብራሪልኝ» አለ።

ሜዳ ላይ አወጣኋቸው። የሚነግረኝ ባለሙያ አልነበረም። ጤና ጣቢያ ሄጄ ያቺን ሐኪም ጠየቅኋት፣ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪምም ጠየቅሁ፤ የቀረውን አባትየው ስለ ፈረስ ለልጁ ሲያስተምር ከሰማሁት ወሰድኩ። የማታውቁት ውሻ ወደናንተ ሲመጣ አትሩጡ፣ አትጩሁ። እንደ ዛፍ ቁሙ፤ እጃችሁን ወደ ጎናችሁ፣ ዓይናችሁን ወደ እግራችሁ። አሽትቶ ይሄዳል። ከጣላችሁ ደግሞ በሆዳችሁ ተደፍታችሁ፣ ጉልበታችሁን ሰብስባችሁ፣ አንገታችሁንና ጆሯችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ። ሲበላ አትንኩት። ሲተኛ አትቀስቅሱት። የወለደች ውሻ ጋ አትድረሱ፤ ጥጃ ያላት ላምም እንደዚያው። የታሰረ ውሻ አታስቆጡ። ቡችላም ጥርስ አለው። ድንጋይ አትወርውሩ፤ የሞተም አትንኩ።

አንድ ልጅ ውሻ ሆኖ ሲያሸት ሌሎቹ ዛፍ ይሆኑ ነበር። ይስቁ ነበር። ሳቃቸውን ስሰማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ሜዳው ላይ ያንን አንድ ልጅ እፈልግ ነበር፤ ዓይኔ ይቆጥራቸውና አንድ ይጎድለዋል።

ከዚያ ወደ ዋናው መጣሁ። ከተነከሳችሁ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ጭረትም ብትሆን፣ ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ለረጅም ጊዜ እጠቡ። ከዚያ ለትልቅ ሰው ተናገሩ። የዚያኑ ዕለት ተናገሩ።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ብንናገር እንገረፋለን።»

«ማን ይገርፋችኋል?»

ሳቁ። ጥያቄዬ ሞኝ ጥያቄ ነበር። ሁሉም እጃቸውን አወጡ።

የምሰጠው ትምህርት ልጆቹ ጋ ሳይሆን ሌላ ቦታ መድረስ እንዳለበት የገባኝ ያኔ ነው። የወላጆች ስብሰባ ሲደርስ ርዕሰ መምህሩን ለምኜ ጊዜ ወሰድኩ። ወላጆች አንድ በአንድ ገቡ። ጠመኔ እያሽከረከርኩ ቆሜ ሳለ ጋሪ ነጂው ሲገባ አየሁት። ልጅ የለውም፤ ማለቴ፣ እዚያ ትምህርት ቤት ልጅ የለውም። አልጠራሁትም። ከጓሮ ለሚስቱ ስነግራት ሰምቶ ይሆናል።

ከኋላ ተቀመጠ። እኔ ስለ ሳሙናው፣ የተነከሰ ልጅ ሳይታመም ቶሎ ከተወጋ ስለሚያድነው ክትባት ተናገርኩ። አንድ አባት «ልጅ ካልተቆነጠጠ እንዴት ያድጋል?» አለ፤ ሌሎችም አጉረመረሙ። ያኔ ጋሪ ነጂው ተነሣ። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል።

«ታውቁኛላችሁ» አለ። «ልጄን ገርፌው አላውቅም ብል እዋሻለሁ። ብዙም አልገረፍኩትም። እናንተ እንደምትገርፉት ነው የገረፍኩት።» ኮፍያውን አገላበጠ። «ውሻ ነከሰው። እኔን ፈርቶ ደበቀ። ውሻውን ሳይሆን እኔን ነው የፈራው። ይኼው ነው።»

ተቀመጠ። «ልጅ ካልተቆነጠጠ» ያለው ሰው ተነሥቶ ከጎኑ ሄዶ ተቀመጠ።

በጋው ሲገባ ያቺ «ብንናገር እንገረፋለን» ያለችው ልጅ ጠዋት ከሰልፉ ወጥታ ወደኔ መጣች። ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ባቷን አሳየችኝ። ኳስ ለማምጣት የጎረቤት ግቢ ገብታ ከግደላው በኋላ የመጣ የታሰረ ውሻ ነክሷታል። ጥርሱ በደንብ ገብቷል።

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለእማማ። በሳሙና አጠበችኝ። እርስዎ ጋ ሂጂ አለችኝ። እሷም እየመጣች ነው።»

«ተቆጣችሽ?»

«አልተቆጣችም። አለቀሰች።»

እናቷ እንደደረሰች ጤና ጣቢያ ሄድን። ክትባቱ አልቋል። እንጅባራ ሆስፒታል እንደሚገኝ ደውለው አረጋገጡልን። ግን ያን ሰሞን በጸጥታ ችግር መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ሚኒባስም አምቡላንስም አይንቀሳቀስም፤ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ውሻው ደግሞ በዚያው ዕለት ገመዱን ሲነክስ፣ ምራቁ ሲዝረበረብ ታይቷል። የልጅቷ እናት ጤና ጣቢያው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና «ተሸክሜያት እሄዳለሁ» አለች።

ጋሪ ነጂው ጋ ሄድኩ። ነገርኩት። ለጋሪ ፈረስ የሚከብድ ርቀት ነው፤ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ፈረሱን ውሃ አጠጣውና ጫነው።

በአዲስ ቅዳም በኩል ነው የሄድነው። ባዶ አስፋልት ላይ የኮቴው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከመንገዱ ዳር ገዢ ያጣ የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። ዳገት ሲሆን እኔና የልጅቷ እናት እየወረድን በእግር እንሄዳለን። ሁለት ቦታ አስቆሙን። መንገዱን የያዙት የታጠቁ ሰዎች የልጅቷን ባት አይተው አሳለፉን።

አንድ ቦታ ጋሪ ነጂው ፈረሱን ፈትቶ ሊያሳርፍ ሲቆም ልጅቷ አጎንብሳ ከጋሪው ወረደችና በፈረሱ ኋላ ልትዞር ስትል «ቁሚ!» ብሎ ጮኸ። ልጅቷ ደርቃ ቀረች። ፊቱ ተለዋወጠ። ቀስ ብሎ ሄደና ከፊቷ ተንበረከከ።

«አልተቆጣሁም» አላት። «በፊቱ በኩል ዙሪ፤ እንዲያይሽ። አልተቆጣሁም፣ እሺ?»

«እሺ» አለች።

ሲነሣ የጋሪውን ጎማ ተደግፎ ቆመ። እኔ ወደ ሜዳው ዞርኩ።

እንጅባራ የደረስነው ጀምበር ሳትጠልቅ ነበር። ክትባቱ ነበረ። ቁስሉ ውስጥም መርፌ ወጓት፤ እናቷን ነክሳ ጮኸች። እኛ ስንወጣ ጋሪ ነጂው ግቢው ውስጥ የለም። ልጁ የሞተበትን ሕንፃ ላለማየት ፈረሱን ይዞ ከአጥሩ ውጭ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆሞ አገኘሁት።

«ሰጧት?» አለኝ።

«ሰጧት።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ልጓሙን ያዘ።

መንገዱ ሲከፈት የቀሩትን መርፌዎች በሚኒባስ እየተመላለሰች ጨረሰች። ወራት አለፉ። ልጅቷ አለች፤ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ባቷ ላይ ትልቅ ጠባሳ አለ። የኛ ግቢዋ ትንሿ ልጅ አንደኛ ክፍል ገባች። ጎበዝ ናት፤ ትጽፋለች፣ ትቆጥራለች። መምህሯ ግን ስትጠይቃት መልሱን እያወቀች አትናገርም ትላለች።

አንድ የበዓል ዋዜማ የተረፈችው ልጅ እናት ለማመስገን አንድ መሶብ ይዛ ልጇን አስከትላ ግቢያችን መጣች። ጋሪ ነጂው አልነበረም። ሚስቱ ተቀብላ አስቀመጠቻቸው፤ ልጅቷን አቅፋ ሳመቻት፤ ባቷንም አየችው። ሲሄዱ እስከ አጥሩ ሸኘቻቸው። ከዚያ ተመልሳ ድንች ከምትለቅምበት ጆንያ አጠገብ ተቀመጠች፤ የበሰበሰውን ከደህናው እየለየች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አግዛት ጀመር።

«እህቴ» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ወዬ።»

«ይኼ መርፌ፣ ለሷ የሰጧት። ያኔም ነበረ?»

ባሏ በነዚያ ሁሉ ወራት አልነገራትም ማለት ነው። ወይም ነግሯት ከሌላ ሰው አፍ መስማት ፈልጋለች። እጄ ላይ ያለውን ድንች ያዝኩት።

«ነበረ» አልኳት።

ራሷን ወደ ታች ወደ ላይ አደረገች፤ ገበያ ላይ ዋጋ የተነገራት ሰው እንደምታደርገው። ከዚያ ወደ ድንቿ ተመለሰች። ጆንያው እስኪያልቅ አብረን ለየን።